ሊቲየም በሴት ኩላሊት ሲያልፍ

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ካሉት ክኒኖች ሁሉ ሊቲየምን ለሴት ደንበኛ ሳስረክብ ቶሎ አልሸኛትም። የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሐበሻ በሚበዛበት ሠፈር ስለሆነ ከፊቴ የምትቆመው ሴት ብዙ ጊዜ የሀገሬ ልጅ ናት። ስለ ደም ግፊት ክኒን ስናወራ ድምፃችንን አንቀንስም፤ ስለ ስኳርም እንዲሁ። ሊቲየም ላይ ስንደርስ ግን ሁለታችንም ወደ ጠረጴዛው ጠጋ እንላለን። እሷ የምትሠጋው ሰው እንዳይሰማባት ነው፤ ሊቲየም የሚታዘዝለት የአእምሮ ሕመም ስም በማኅበር፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በልጅ ጋብቻ ላይ የሚያስከትለውን ታውቃለች። እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ ኩላሊቷ ነው። ስለ መጀመሪያው ሥጋት በየመድረኩ መናገር ጀምረናል፤ ስለ ሁለተኛው ግን በመካከላችን ሲነሳ አልሰማም።

ሊቲየም ባይፖላር ተብሎ ለሚታወቀው፣ ስሜትን አንዴ ሽቅብ አንዴ ቁልቁል ለሚወረውረው ሕመም ከሚታዘዙ መድኃኒቶች አንጋፋው ነው። ራስን የማጥፋት አደጋን በመቀነስ የሚወዳደረው መድኃኒት ጥቂት ነው። ፋብሪካ የፈጠረው ውሕድ አይደለም፤ ከብረታ ብረት ወገን የሆነ ንጥረ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1817 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዮሐን ኦገስት አርፍቬድሶን የተባለ ስዊድናዊ ከኡቶ ደሴት በመጣ ድንጋይ ውስጥ አገኘው። በጉጂ ዞን፣ ቀንጢቻ ላይ ታንታለም በሚወጣበት አለት ውስጥ ያለው፣ ዛሬ ዓለም ለባትሪ የሚሻማበት ሊቲየም እና ደንበኞቼ ማታ ማታ የሚውጡት ሊቲየም አንድ ንጥረ ነገር ናቸው።

ንጥረ ነገር መሆኑ ቀላል ጉዳይ አይደለም። አብዛኛውን መድኃኒት ጉበት ይሰባብረዋል፣ ይለውጠዋል፣ ለመወገድ ያመቻቸዋል። ሊቲየምን ግን ጉበት የሚያደርገው ነገር የለም። እንደገባ ይቆያል፣ እንደገባ ይወጣል፤ መውጫውም ከሞላ ጎደል አንድ ብቻ ነው፤ ኩላሊት። ከደም ጋር ወደ ኩላሊት ሲደርስ በማጣሪያው በኩል ያለ ችግር ወደ ቱቦዎቹ ያልፋል። ከዚያ ሰውነት ሶዲየምን መልሶ ሲስብ ሊቲየምንም አብሮ ይስበዋል፤ ሁለቱ በባሕርያቸው ስለሚቀራረቡ የኩላሊት የመጀመሪያው ቱቦ አይለያቸውም። ከተጣራው ውስጥ ከአራት እጅ ሦስቱ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ወደ ደም ይመለሳል። በሽንት የሚወጣው ሩቡ ወይም አምስተኛው ገደማ ነው።

ሰውነት ውኃና ጨው ሲያጣ ኩላሊት ሶዲየምን አጥብቆ ይይዛል፤ ሊቲየምም አብሮ ይቀራል። በ1949 አሜሪካ ውስጥ ጨው የተከለከሉ ሕሙማን በጨው ፋንታ ሊቲየም ክሎራይድ ምግባቸው ላይ ሲነሰንሱ የተመረዙት፣ ከእነሱም የሞቱት፣ ለዚህ ነው። ሶዲየም የተራበ ሰውነት ሊቲየሙን ሲያገኝ አልለቅም አለ።

ደግሞም በሚያድነውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት አጭር ነው። ለረጅም ጊዜ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው በአንድ ሊትር ደም ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል ነው፤ 1.5 ሲያልፍ አደጋው ይጀምራል። እጅ በጉልህ ይንቀጠቀጣል፣ ተቅማጥና ትውከት ይመጣል፣ እግር ይወላገዳል፣ ምላስ ይተሳሰራል፣ ከዚያ አእምሮ ይደነግዛል። በጣም ከከፋ መድኃኒቱን ከደም ለማውጣት የኩላሊት እጥበት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ መድኃኒት በኩላሊት ብቻ የሚወጣ ከሆነ፣ «የማን ኩላሊት?» ብሎ መጠየቅ ግድ ይላል። የእኔ ሙግት በሙሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ይህ ጥያቄ ለሴቶች በጊዜው አልተጠየቀም፤ ዛሬም በየመድኃኒት ቤቱና በየክሊኒኩ በበቂ ሁኔታ አይጠየቅም።

ታሪኩ የሚጀምረው በወንድ ኩላሊት ነው። አውስትራሊያዊው የአእምሮ ሐኪም ጆን ኬድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቻንጊ በተባለው የጃፓኖች እስር ቤት ቆይቶ ከተመለሰ በኋላ ሜልበርን አጠገብ፣ ቡንዱራ በሚገኝ የቀድሞ ወታደሮች የአእምሮ ሆስፒታል ይሠራ ነበር። ሊቲየምን በመጀመሪያ በጊኒ ፒግ ሞከረ፤ ከዚያ በራሱ ላይ፤ ከዚያ በሕሙማኑ ላይ። በ1949 ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ በማኒያ፣ ማለትም ስሜት ከልክ በላይ ሽቅብ በሚወጣበት የሕመሙ ገጽታ፣ ይሠቃዩ የነበሩ 10 ሕሙማን ታሪክ አለ። ሆስፒታሉ የወታደሮች ነበርና ሕሙማኑ ወንዶች ናቸው። ከሁሉ ቀድሞ መድኃኒቱን የወሰደው የ51 ዓመት ሰው ለዓመታት ከቆየበት ሁከት ወጥቶ ወደ ቤቱና ወደ ሥራው ተመለሰ። የዚህን ሰው ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል፤ ምክንያቱም ይኸው ሰው በ1950 በዚያው በሊቲየም ተመርዞ ሞቷል። ኬድም በሆስፒታሉ ውስጥ መድኃኒቱ እንዳይሰጥ አገደ። ሊቲየም ተመልሶ የቆመው ሞገንስ ሾው የተባለው ዴንማርካዊ ሐኪም በ1954 ካሳተመው ጥናት ጀምሮ ባደረገው ረጅም ትግል ነው፤ በአሜሪካ ለማኒያ ሕክምና የተፈቀደውም በ1970 ነው።

አሁን ወደ ሌላ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ልውሰዳችሁ፤ ወደ ሞንትሪያል፣ ካናዳ። በ1976 ኮክክሮፍትና ጎልት የተባሉ ሁለት ሐኪሞች የሰውን የኩላሊት አቅም ከአንድ የደም ምርመራ ብቻ ለመገመት የሚያስችል ቀመር አወጡ። ምርመራው ክሪያቲኒን ይባላል። ክሪያቲኒን ጡንቻ በየዕለቱ የሚያመነጨው ቆሻሻ ነው፤ ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ ይከማቻል። ቀመሩ ዕድሜን፣ ክብደትንና ክሪያቲኒንን ይዞ «ኩላሊትህ በደቂቃ ይህን ያህል ሚሊ ሊትር ያጣራል» ይላል። እኛ የመድኃኒት ባለሙያዎች በትምህርት ቤት ከምንሸመድዳቸው ነገሮች የመጀመሪያው ነው፤ እስከ ዛሬም መጠን ስናስተካክል እንጠቀምበታለን። ቀመሩ የተሠራው ከ249 ወንዶች በተገኘ መረጃ ነው። ሴቶችስ? ሴት ከወንድ ያነሰ ጡንቻ ስላላት ውጤቱን በ0.85 አባዙት ተባለ።

ይህን ቁጥር ስሸመድድ ከየት እንደመጣ የነገረኝ መምህር አልነበረም። ቁጥሩ እጅግ የራቀ ግምት አይደለም፤ አቅጣጫውም ትክክል ነው። ሆኖም ከሰው ልጅ እኩሌታ የሚሆነው አካል በወንድ ተለክቶ መጨረሻ ላይ አሥራ አምስት በመቶ እንዲቀነስለት መደረጉ፣ የሴት ሰውነት በሕክምና ውስጥ እንዴት ሲታይ እንደኖረ በግልጽ ያሳያል። ሊቲየም የጀመረው በወታደሮች ሆስፒታል፣ ሊቲየምን የሚያስወጣውን አካል የምንለካበት ቀመር የተወለደው በወታደሮች ሆስፒታል። ከዚያ በ1977 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መቆጣጠሪያ ባለሥልጣን መውለድ የሚችሉ ሴቶች በመጀመሪያዎቹ የመድኃኒት ሙከራዎች እንዳይካተቱ መመሪያ አወጣ። ነፍሰ ጡሮች የወሰዱት፣ ብዙ ሕፃናት አካላቸው ጎድሎ እንዲወለዱ ያደረገው ታሊዶማይድ የተባለ መድኃኒት ካደረሰው ጥፋት በኋላ ፅንስን ለመጠበቅ የታሰበ ነበር፤ ውጤቱ ግን ሴቶችን ከዕውቀቱ ማግለል ሆነ። መመሪያው የተነሳው በ1993 ነው። እስከዚያ ድረስ ሊቲየምን የሚውጡ ሴቶች በዓለም ዙሪያ ብዙ ነበሩ።

ቁጥሮቹን በሥራ ላይ ሆነው እንያቸው። አንድ የ30 ዓመት ወንድ 80 ኪሎ ይመዝናል፤ ክሪያቲኒኑ 0.9 ነው። አንዲት የ70 ዓመት እናት 50 ኪሎ ናቸው፤ የእሳቸውም ክሪያቲኒን 0.9 ነው። የላቦራቶሪው ወረቀት ሁለቱንም «ጤናማ» ብሎ ያልፋቸዋል። በቀመሩ ስናሰላ ግን የወጣቱ ኩላሊት በደቂቃ ወደ 136 ሚሊ ሊትር ያጣራል፤ የእናታችን ወደ 46። ሊቲየም ከዚህ ሩብ ወይም አምስተኛ በሚሆን ፍጥነት ስለሚወጣ፣ ከወጣቱ ደም በደቂቃ ወደ 30 ሚሊ ሊትር የሚሆነው ከሊቲየም ሲጸዳ ከእናታችን 10 ገደማ ብቻ ይጸዳል። አንድ ዓይነት 900 ሚሊግራም ለሁለቱ ቢታዘዝ በእሳቸው ደም ውስጥ የሚጠራቀመው ሦስት እጥፍ ይሆናል። ልዩነቱን ያመጣው ፆታ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ዕድሜም ክብደትም አለበት። ነገር ግን አረጋዊት፣ ቀጭንና ጡንቻ የሌላት ሆና «ክሪያቲኒኗ ጤናማ ነው» ተብላ የምትታለፈው በአብዛኛው ሴት ናት። ዝቅ ያለ የጡንቻ መጠን የደከመውን ኩላሊት ይሸፍነዋል።

በአሜሪካ ለምንኖር ጥቁር ሴቶች ደግሞ ሌላ ማባዣ ነበረብን። አክስቴ ቨርጂኒያ ትኖራለች፤ ሊቲየም ከጀመረች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። የላቦራቶሪ ወረቀቶቿን በቀን ቅደም ተከተል በፋይል ታኖራለች። ከእነዚህ አንዱ፣ 66 ዓመቷ ሳለ የተሠራው፣ ክሪያቲኒን 1.0 ይላል። ከሥሩ የኩላሊቷን የማጣራት አቅም የሚገምት ሁለት መስመር አለ። በአንደኛው መስመር «ጥቁር አሜሪካዊ ከሆነች» 68፤ በሁለተኛው «ካልሆነች» 59። ይህ በ2009 የወጣ ሌላ የኩላሊት ቀመር ነው፤ ለጥቁር ሰው ውጤቱን በ1.159 ያባዛ ነበር፤ ጥቁሮች በአማካይ ጡንቻቸው ይበልጣል በሚል መነሻ። ከ60 በታች ለሦስት ወር የቆየ ውጤት የኩላሊት ሕመም ምልክት ተብሎ ክትትል ያስጀምራል። ከ60 በላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ይታጠፋል።

አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ሁለቱን ቁጥሮች በጣቷ እያሳየች «ታዲያ ልጄ፣ የእኔ ኩላሊት የቱ ነው?» አለችኝ።

ሐኪሟ ላይኛውን ወስዶ ነበር። ከመንዝ የመጣች፣ ክንዷ በመዳፍ የሚጨበጥ ሴት በአንድ ወረቀት ላይ ስለ ሴትነቷ ተስተካከለች፣ ስለ ቆዳዋ ቀለም ደግሞ ተጨመረላት፤ ከሁለቱ አንዱም እሷን አይቶ የተሰጠ አይደለም። የዘር ማባዣው በ2021 ከቀመሩ ወጥቷል። በአዲሱ ቀመር ያው ደም 62 ይሆናል። ለሐኪሟ ደብዳቤ ጽፈን ሲስታቲን ሲ የተባለው ምርመራ እንዲታዘዝላት ጠየቅን፤ ይህ ምርመራ እንደ ክሪያቲኒን በጡንቻ ብዛት ላይ አይንጠለጠልም። ቀጭን ለሆነች፣ በዕድሜ ለገፋች፣ ለዓመታት ሊቲየም ለወሰደች ሴት ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ መሠራት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ልዩነቱ በማጣሪያው መጠን ብቻ አይቆምም። በሎስ አንጀለስ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ባሳተሙት የአይጥ ጥናት የሴቷ ኩላሊት ሶዲየምን የሚስብባቸው በሮች ከወንዱ በተለየ መልኩ ተደልድለው ተገኝተዋል። የሴቷ የመጀመሪያ ቱቦ ያነሰ ይስባል፤ የኋለኞቹ ቱቦዎች ደግሞ የሶዲየም በሮቻቸው ይበዛሉ። ሴቷ አይጥ ብዙ ጨውና ውኃ ሲሰጣት ከወንዱ ፈጥና ታስወጣለች። ተመራማሪዎቹ ይህን ከእርግዝናና ከማጥባት ጋር አያይዘውታል፤ ያ ኩላሊት ለሁለት ነፍስ እንዲሠራ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ነው። የሰውና የአይጥ ኩላሊት አንድ አይደለም፤ ይህን ግኝት አንስቶ በቀጥታ ለሊቲየም መጠን መጠቀም አይቻልም። ግን ልብ በሉ፤ ሊቲየም የመጨረሻዎቹን ቱቦዎች ሴሎች የሚጎዳው በእነዚያው የኋለኛ የሶዲየም በሮች ገብቶ ነው። ገብቶ ሲጠራቀም ሴሎቹ ውኃ ለመቆጠብ የሚታዘዙበትን ምልክት መስማት ያቆማሉ፤ ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ሲጠማና ሌሊቱን ሙሉ ለሽንት ሲነሳ ያድራል። በር የበዛበት ቱቦ ለዚህ ጉዳት ይበልጥ ይጋለጥ እንደሆነ በሴቶች ላይ በደንብ መጠናት የነበረበት ገና ድሮ ነው።

ከቱቦና ከቀመር ወጥተን ወደ ቤት ስንገባ ሴትን የሚያጠቁ ሌሎች ነገሮች አሉ። ከሁሉ የማስቀድመው የወር አበባ ሕመም ማስታገሻ ነው። አይቡፕሮፌን፣ ናፕሮክሰን፣ ዳይክሎፌናክ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሱና ሊቲየም እንዲጠራቀም ያደርጋሉ። እዚህ አሜሪካ አይቡፕሮፌን በየነዳጅ ማደያው ይሸጣል፤ አዲስ አበባም ያለ ሐኪም ማዘዣ ከየመድኃኒት ቤቱ ይገዛል። ወንድ ታካሚ ጥርሱን ወይም ወገቡን ሲያመው ነው የሚወስደው። ብዙ ሴቶች ግን በየወሩ ለቀናት ይወስዱታል። ስጠይቃት «ሌላ መድኃኒት አልወስድም» ትላለች፤ እውነቷን ነው፣ የወር አበባ ማስታገሻን መድኃኒት ብሎ የቆጠረው ማን ነው? ስለዚህ ጥያቄዬን ቀይሬ «ወር አበባሽ ሲመጣ ምን ትወስጃለሽ?» እላታለሁ። በዚህ ጥያቄ ስንት ነገር ወጥቷል! ፓራሲታሞል፣ እዚህ ታይሌኖል የምንለው፣ ከሊቲየም ጋር እንዲህ ያለ ጠብ የለውም። ለግፊት የሚታዘዙት ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ኢናላፕሪልም ሊቲየምን ያስቀራሉ፤ ይህ ግን ወንዱንም ሴቷንም እኩል የሚመለከት ነው።

እርግዝና ላይ ስንደርስ ልዩነቱ ከየትኛውም ቦታ በላይ ይጎላል። ወንድ ኩላሊት በዕድሜው የማያውቀውን ለውጥ የሴት ኩላሊት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያመጣል፤ የማጣራት አቅሙ በግማሽ ያህል ይጨምራል። ሊቲየም በዚያው ልክ ይታጠባል። በ2017 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት እንዳሳየው የእናቲቱ የደም መጠን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በአማካይ በ24 በመቶ፣ በሁለተኛዎቹ በ36 በመቶ፣ በመጨረሻዎቹ በ21 በመቶ ከእርግዝናው በፊት ከነበረው ይቀንሳል። ክኒኗን ሳታዛንፍ የምትውጥ ሴት ሕመሟ ሊያገረሽባት የሚችለው ለዚህ ነው፤ ቤተሰብም «መድኃኒቷን ትታ ነው» ብሎ ይቆጣታል። አልተወችም፤ ኩላሊቷ አጠበው። መጠኑን ዝም ብሎ ማሳደግም አይቻልም፤ ሊቲየም የፅንሱን ልብ አፈጣጠር የማወክ አደጋው በዕለት ከ900 ሚሊግራም በላይ ሲሆን በግልጽ ይጨምራል። ከባድ የጠዋት ማስመለስ ደግሞ ውኃዋን ወስዶ ነገሩን በተቃራኒው ሊያዞረው፣ ሊቲየሙን ሊያስቀረው ይችላል። ስለዚህ ምክሩ ደም መለካት ነው፤ እስከ 34ኛው ሳምንት በየሦስት ሳምንቱ፣ ከዚያ እስክትወልድ በየሳምንቱ።

ከወለደች በኋላ ኩላሊቷ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ እርግዝናው ያስጨመረው መጠን ግን ካልተቀነሰ አሁን መርዝ ይሆናል። እስቲ የአራስ ቤታችንን አስቡት። በሩ ዝግ ነው፤ ብርድ እንዳይመታት ተሸፍናለች፤ ያልባታል። በምጥ ውኃና ደም አጥታለች። ለቁርጠቱ አይቡፕሮፌን ሰጥተዋት ከሆስፒታል ወጥታለች፤ ለአራስ የተለመደ ማስታገሻ ነውና ሊቲየም እንደምትወስድ ያላስተዋለ ሰው ቢሰጣት አይገርምም። እንቅልፍ የለም። ባይፖላር ያለባት ሴት ደግሞ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ለከባድ የአእምሮ ሕመም ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይበልጥ ትጋለጣለች፤ ሊቲየም በዚያን ጊዜ ጠባቂዋ ነው። በዚህ መሀል እጇ ሲንቀጠቀጥ፣ ቃል ሲምታታባት፣ ስትንገዳገድ ያየ ጠያቂ ወይ «ብርድ መትቷት ነው» ይላል፣ ወይ «ሕመሟ ተነሳ» ይላል። ሊቲየም በዝቶባት እንደሆነ የሚጠረጥር ማን አለ? በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ደሟ በሳምንት ሁለት ጊዜ እንዲለካ የሚመከረው ለዚህ ነው። የአራስ ጥየቃ የምትሄዱ ሁሉ፣ የምታውቋት እናት ሊቲየም ላይ ከሆነች፣ አጥሚቱን እያቀረባችሁ ስለ ደም ምርመራዋም ጠይቁ። ጡት ስለማጥባት ሐሳቦች የተለያዩ ናቸው፤ ከሐኪሟ ጋር የምትወስነው ነው።

ጾምም አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ የሚውሉ እናቶችን አውቃለሁ፤ አክስቴም አንዷ ናት። በረመዳን በጾሙ ፓኪስታናውያን ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት የደም መጠናቸው ብዙም እንዳልተለወጠ አሳይቷል፤ ስለዚህ ጾምና ሊቲየም ጨርሶ አብረው አይሄዱም አልልም። ነገር ግን ጤናማ ኩላሊት ያለው፣ በቅርብ የሚታይ ሰው ሌላ ነው፤ የ70 ዓመት እናት በፍልሰታ የቨርጂኒያ ሙቀት ሌላ ናቸው። የንስሐ አባቶች ለታማሚ ጾሙን ለማቅለል እንደማይከብዳቸው አይቻለሁ፤ ብቻ ይነገራቸው። ሌላው ቡና ነው። ቡና ሊቲየም በሽንት እንዲወጣ ያግዛል፤ ቀን በቀን ሦስቴ የምትጠጣ ሴት ለጾም ብላ በአንድ ጊዜ ብታቆም ደሟ ውስጥ ያለው ሊቲየም ከፍ ይላል። ይህን ስናገር ያልተገረመች ደንበኛ አላጋጠመችኝም። ቡና ይተዉ ማለቴ አይደለም፤ ሲተዉም ሲጀምሩም ቀስ በቀስ ይሁን፣ ደሙም ይለካ።

ረጅሙን ዘመን ስናይ በ2015 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመውን የኦክስፎርድ ጥናት መጥቀስ አለብኝ። ከ1982 እስከ 2014 የተሰበሰቡ የላቦራቶሪ ውጤቶችን መርምሮ ሊቲየም ከሚወስዱት ውስጥ ሴቶች በኩላሊትም በታይሮይድም (አንገት ላይ ባለው ዕጢ) ከወንዶች ይበልጥ እንደሚጎዱ፣ በተለይም ከ60 ዓመት በታች ያሉት፣ አሳየ። በቀጣዩ ዓመት ከቦስተን የወጣ ሌላ ጥናትም ሊቲየም ለሚወስዱ ሰዎች የኩላሊት መድከም አመልካች ብሎ ካስቀመጣቸው መካከል ሴት መሆን አንዱ ነበር፤ መድኃኒቱን በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ከፋፍሎ መውሰድም እንዲሁ። ታይሮይድ ሲደክም ኩላሊትም ማጣራቱን ይቀንሳል፤ ታይሮይዷ ደክሞ ያልታወቀላት ሴት ስለዚህ ሁለት ጊዜ ትጎዳለች። ለእኔ ትልቁ ምክንያት አሁንም ያው ነው ብዬ አስባለሁ፤ ለሰፊ አካል የተለመደ መጠን ለጠባብ አካል ሲሰጥ፣ የደከመው ኩላሊት ደግሞ «ጤናማ» ተብሎ ሲታለፍ ዓመታት ይቆጠራሉ።

ይህን ሁሉ አንብባ ነገ ክኒኗን የምትጥል ሴት እንዳትኖር እለምናለሁ። ሊቲየምን በድንገት ማቆም ሕመሙን በኃይል ይመልሳል፤ ስንቱን ቤት ያቆመ መድኃኒት ነው። የአክስቴ መጠን ተቀንሶ ደሟ 0.6 አካባቢ ሆኖ ይኸው በሰላም ትኖራለች፤ ክኒኑን ማታ አንዴ ትወስዳለች፤ ለምርመራ ደግሞ የማታውን ከዋጠች 12 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ፣ ጠዋት፣ የዕለቱን ሳትውጥ ደም ትሰጣለች። በየስድስት ወሩ ኩላሊትና ታይሮይድ ይታያል።

በሀገር ቤት ነገሩ ይከብዳል። በቡታጅራ ከ1998 ጀምሮ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተው የዳሰሳ ጥናት ባይፖላር በገጠራችንም እንዳለ፣ አብዛኛው ታማሚም ሕክምና ሳያገኝ እንደሚኖር አሳይቷል። ሊቲየም የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ግን የደም መጠኑን የሚለካ ላቦራቶሪ በቅርብ በሌለበት ሐኪም ሊያዘው ቢፈራ አልፈርድበትም። ክፍተቱን የሚሞላው ሻንጣ ነው። ሀገር ቤት የሚሄድ ሰው ከራሱ ክኒን ቀንሶ ለእህቱ ይዞላት ይሄዳል። እኔ ያለ ማዘዣ መስጠት አልችልም፤ ሻንጣውንም ማስቆም አልችልም። ሕመሙ በቤተሰብ የሚወርድ በመሆኑ እዚህ ያለው ወንድምና እዚያ ያለችው እህት አንድ ዓይነት ሕመም ሲኖራቸው አይቻለሁ፤ «ለእኔ 1200 ሚሊግራም ተስማምቶኛል፣ እሷም ያንኑ ትውሰድ» ብሎ የመጣ ወንድም ነበር። ለእሱ በአማርኛ አንድ ገጽ ጻፍኩለት፤ ከዚያ ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ሐኪም ሳያያት እንዳትጀምር። ክብደቷና ክሪያቲኒኗ ቀድሞ ይታወቅ፤ ይህ ምርመራ በብዙ ከተማ ይገኛል። የሊቲየም ምርመራ የት እንደሚሠራ ከክኒኑ በፊት ይጠየቅ። ለወር አበባ ሕመም ፓራሲታሞል ብቻ። እርግዝና ከተጠረጠረ በዚያው ሳምንት ወደ ሐኪም። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዛት ወይም እጇ በጉልህ ከተንቀጠቀጠ ቀጣዩን ክኒን ሳትውጥ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ትቅረብ። ከገጹ አናት ላይ ግን በወፍራም ብዕር የምጽፈው የወንድሟ መጠን የእሷ መጠን እንዳልሆነ ነው።